የአንድ ፊልም ሁለት ባለአደራዎች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ያለ ፈቃድ የተባዛ ፊልም ጥራት የሌለው ፊልም ነው የሚል እምነት በሕዝቡም በባለሙያውም ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። እምነቱ መሠረት የለውም አይባልም። በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ በካፖርት ሥር በተደበቀ ካሜራ የተቀዳ ፊልም ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ድምፁም ከተመልካቹ ሳልና ሳቅ ጋር የተደባለቀ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረውም ከሦስተኛውና ከአራተኛው እጅ በኋላ የተዋናዩ ፊት ከጀርባው ካለው ግድግዳ የማይለይበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህን ደንብ ከመሠረቱ የሚያናጋ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ይኸውም ጆርጅ ሉካስ ጽፎ ያዘጋጀውና በ1977 ለሕዝብ የታየው «ስታር ዋርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ጉዳይ ነው። ይህን ፊልም የመጀመሪያው ዓመት ተመልካች እንዳየው አድርጎ ለማየት የፈለገ ሰው፣ ለብዙ ዓመታት የተሻለውን ቅጂ ያገኝ የነበረው ከሕጋዊው ባለቤት ሳይሆን፣ ከማንም ሳያስፈቅዱ በየቤታቸው ከሠሩት አፍቃሪዎቹ እጅ ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር ብቻ በአገሩ አቆጣጠር ተቀምጧል።)

ነገሩን ለመረዳት ከመሣሪያው መጀመር ይሻላል።

የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ መግባት የጀመረው የሶኒ ኩባንያ ቤታማክስን በ1975፣ የጄቪሲ ኩባንያ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 ለገበያ ካቀረቡ በኋላ ነው። የፊልም ኩባንያዎች በዚህ ደንግጠው ሶኒን ከሰሱ። ክሱ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 ፍርድ ተሰጠበት፤ አምስት ዳኞች በአራት ላይ በልጠው፣ አንድ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሌላ ሰዓት ለማየት ሲል በቤቱ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም፣ መሣሪያውን የሸጠው ኩባንያም አይጠየቅበትም ሲሉ ወሰኑ። መሐንዲስ ግን ከአምስቱ ዳኞች የበለጠ ሥልጣን የነበረውን ሌላ ዳኛ ያውቃል፤ እርሱም ቴፑ ራሱ ነው። ቪኤችኤስ በአግድም ለይቶ የሚያሳየው ወደ 240 መስመር ብቻ ነው። ቀለሙን ከብርሃኑ ነጥሎ፣ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ አውርዶ፣ በጠባብ ባንድ ስለሚቀዳው ቀይ ቀሚስ ከለባሿ ትከሻ አልፎ ወደ ጎን ይፈስሳል። ካሴቱ በተገለበጠ ቁጥር ይህ ጉድለት በነበረው ላይ ይደመራል። ስለዚህም በአናሎግ ዘመን ሌባው የሰረቀውን ዕቃ ዋጋ በገዛ እጁ እያረከሰ የሚሄድ ሌባ ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ማክሮቪዥን የተባለው የመከላከያ ዘዴ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ባሰ። ዘዴው በሥዕልና በሥዕል መካከል ባለው ባዶ ጊዜ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ብርሃን ያለው ምት ያስገባል። ቴሌቪዥኑ ይህን ምት ከቁጥር አያገባውም። የሚቀዳው ዴክ ግን የሲግናሉን ኃይል በራሱ የሚያስተካክል ክፍል ስላለው ይታለልና ሥዕሉን አንዴ ያጨልመዋል፣ አንዴ ያፈካዋል። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ዴኩ የሚሸነፈው ሥራውን በማጉደሉ ሳይሆን ሥራውን በትክክል በመሥራቱ ነውና።

የሕጋዊው ቅጂ ጥራትም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም። ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ያልፋል። ኢትዮጵያ የተጠቀመችበት የፓል ሥርዓት ደግሞ በሴኮንድ 25 ሥዕል ይፈልጋል። የተለመደው መፍትሔ ፊልሙን በትንሹ ማፍጠን ነበር፤ በዚህም ምክንያት 121 ደቂቃ የሚፈጀው «ስታር ዋርስ» በፓል ካሴት ላይ በ116 ደቂቃ ያልቃል፣ የተዋንያኑም ድምፅ በዚያው መጠን ይቀጥናል። በአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቶች በፓል ካሴት ፊልም ያየ ትውልድ የወንዶቹን ድምፅ ከተፈጥሮው ቀጥኖ እየሰማ አድጓል፤ ቅር ያለው ሰው ግን አልተሰማም። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣው ካሴት ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ በ525 መስመርና በ60 ፊልድ የተቀዳው ሥዕል ለ625 መስመርና ለ50 ፊልድ በተሠራ ዴክና ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙን ጥሎ ይንከባለል ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የቅርጹ ነገር ነው። በሲኒማ ቤት ስፋቱ የቁመቱ 2.35 እጥፍ የነበረው ሥዕል ወደ ቀድሞው ቴሌቪዥን የ1.33 ቅርጽ እንዲገባ ሲባል፣ ቁመቱ ሳይነካ ጎንና ጎኑ ተቆርጦ ይጣል ነበር። ከሥዕሉ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይቀራል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በስክሪኑ ዳርና ዳር ቆመው ሲነጋገሩ፣ የካሴቱ ተመልካች አንደኛውን ብቻ እያየ የሌላውን ድምፅ ከግድግዳ በስተጀርባ እንደሚመጣ አድርጎ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ግን የመሣሪያ አቅም ጉድለት ነው። የ«ስታር ዋርስ» ጉዳይ ከዚህ ይለያል።

ፊልሙ ሜይ 25 ቀን 1977 መታየት ሲጀምር ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው «ክፍል አራት» የሚለው ርእስ አልነበረበትም፤ ይህ የገባው በ1981 እንደገና ለእይታ ሲቀርብ ነው። ድምፁም ቢሆን አንድ ወጥ አልነበረም፤ ለ70 ሚሊሜትር ቅጂ፣ ለ35 ሚሊሜትር ስቴሪዮና ለተራው ሞኖ ለየብቻ የተቀናበሩ ሦስት ድምፆች ነበሩ። ስለዚህ «የመጀመሪያው ቅጂ» ሲባል አንድ ነጠላ ዕቃ እንዳልነበረ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ሆኖም በሥዕሉ ረገድ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሲኒማም በካሴትም የታየው በመሠረቱ ያው ፊልም ነበር።

በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቆዩ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒዩተር ቀለም የመቀባት ልማድ ተጀምሮ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በማርች 1988 ጆርጅ ሉካስ ራሱ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ፊልም የሕዝብ ቅርስ ስለሆነ ባለመብቱ እንዳሻው ሊለውጠው አይገባም ሲል አጥብቆ ተከራከረ። በዚያው ዓመት የፊልም ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ1989 የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ በብሔራዊ መዝገብ ካሰፈራቸው የመጀመሪያዎቹ 25 ፊልሞች መካከልም አንዱ «ስታር ዋርስ» ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የታሪክ ምፀት ነው። ለፊልሙ 20ኛ ዓመት መታሰቢያ ኔጋቲቩ ከመጋዘን ሲወጣ ክፉኛ ደብዝዞ ተገኘ። በተለይም የልዩ ብልሃት ሥዕሎቹ የተባዙበት የፊልም ዓይነት ቀለሙን ከሚጠበቀው ጊዜ ቀድሞ ጥሎ ነበር። ኔጋቲቩን ለማጠብና ለማደስ የተደረገው ሥራ በሙያው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን እድሳቱ በእድሳትነቱ አላበቃም። በ1997 ለሕዝብ በቀረበው «ልዩ ዝግጅት» ውስጥ በኮምፒዩተር የተሠሩ አዳዲስ እንስሳትና ሕንጻዎች ገቡ፤ ቀድሞ ተቆርጦ የቀረ የጃባ ትርኢት ተጨመረ፤ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ሃን ሶሎ ብቻውን ተኩሶ ይገድል የነበረውም ጠላቱ ቀድሞ የተኮሰ ሆኖ ተለወጠ። ኔጋቲቩም ራሱ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እየተቀጠለበት ከዚሁ ዝግጅት ጋር እንዲስማማ ተደረገ። በ2004 ለዲቪዲ፣ በ2011 ለብሉ ሬይ፣ በ2019 በኢንተርኔት ለሚታየው የዲዝኒ አገልግሎት ሲቀርብ በየጊዜው ተጨማሪ ለውጥ ታክሎበታል።

ሉካስ ለዚህ መልስ አለው። በ1977 ገንዘብና ጊዜ አጥሮት ሳይጨርስ የተወውን ፊልም ኋላ አቅም ሲያገኝ እንደጨረሰው ይናገራል። ይህ የአንድ ደራሲ መብት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ሠዓሊ በገዛ ሥዕሉ ላይ ብሩሹን መልሶ ቢያሳርፍ ማን ይከለክለዋል? ችግሩ የሚመጣው የቀድሞው ሥዕል ከሥሩ ሲፋቅ ነው። ለ1977ቱ ሥራ የተሸለሙት አርታኢዎች፣ ሞዴል ሠሪዎችና የካሜራ ባለሙያዎች ያገኙት የኦስካር ሽልማት በቦታው አለ፤ የተሸለሙበት ሥራ ግን በተሟላ ጥራት ከገበያ ጠፋ።

ከብዙ አቤቱታ በኋላ በሴፕቴምበር 2006 ባለመብቱ የመጀመሪያውን ቅጂ በዲቪዲ ተጨማሪ ዲስክነት አወጣ። ጥራቱ ግን ከ13 ዓመት በፊት፣ በ1993፣ ለሌዘር ዲስክ ከተዘጋጀው ማስተር የተወሰደ ነበር። ሥዕሉ በላይና በታች ጥቁር ጥብጣብ ይዞ በአሮጌው የቴሌቪዥን ቅርጽ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ከዲስኩ 480 መስመር ውስጥ ለፊልሙ የደረሰው ወደ 270 የሚሆነው ብቻ ነው፤ የቀረው ጥቁር ቀለም ለመሳል ዋለ። በ2006 ዲቪዲ ያለው ማንኛውም መሐንዲስ ይህን ስሌት በአንድ ደቂቃ ሊሠራው ይችል ነበር። ብዙዎችም ሠሩት፤ ቁጣው የተቀሰቀሰውም ከዚሁ ነው።

ያለ ፈቃድ የተሠሩት ቅጂዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት የጠጋኝ ሥራ ነው። ሃርሚ በሚል ስም የታወቀ አንድ ቼካዊ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ባለመብቱ ያወጣውን ብሉ ሬይ መነሻ አድርጎ፣ የተለወጠውን ትርኢት ሁሉ እያወጣ በቦታው ከ2006ቱ ዲቪዲ፣ ከቴሌቪዥን ሥርጭት፣ ከአሮጌ የፊልም ቁራጮችና ከቆሚ ፎቶግራፎች ያገኘውን ይተካ ጀመር። አንዳንድ ሥዕል የአንዱን ምንጭ ሰማይ፣ የሌላውን መሬት፣ የሦስተኛውን ሰው ይዞ የተሰፋ ነው። ቅጂው ቁመቱ 720 መስመር ነበር። በሥራው የሚደነቀው ስፌቱ አለመታየቱ ነው፤ በሥራው የሚያጠያይቀውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከፊልሙ ቁስ ራሱ ይነሣል፤ ይህን ለመረዳት ስለ ቀለም ኬሚስትሪ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ለሲኒማ ቤቶች ይባዛ የነበረው የኢስትማን ከለር ፕሪንት በጨለማ መጋዘን ውስጥም ቢቀመጥ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጠው ማቅለሚያ ቀድሞ ይጠፋበታል፤ ከዓመታት በኋላ የሚቀረው ሁሉ ነገር የቀላበት ፊልም ነው። ቴክኒከለር ይጠቀምበት በነበረው የማተም ሥልት ግን ማቅለሚያው እንደ መጽሐፍ ሕትመት በፊልሙ ላይ በቀጥታ ስለሚታተም ቀለሙ አይለቅም። አሜሪካ ያለው የቴክኒከለር ማተሚያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲዘጋ የለንደኑ እስከ 1978 ሠርቷል። በዚህ ምክንያት ብቻ፣ ማንም ለትውልድ ብሎ ሳያስብበት፣ በእንግሊዝ የታተሙ ጥቂት የ«ስታር ዋርስ» ፕሪንቶች የ1977ን ቀለም ሳይለቁ ቆዩ።

ከእነዚህ ፕሪንቶች አንዳንዶቹ በሰብሳቢዎች እጅ ነበሩ። ሰብሳቢ ሲባል ግን ገዢ ማለት አይደለም። ፕሪንት ለሲኒማ ቤት የሚከራይ እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም፤ ጊዜው ሲያልፍ ተመልሶ እንዲጠፋ ይደረጋል። በሰብሳቢ ቤት የተገኘ ፕሪንት በአመዛኙ ከመጥፋት ያመለጠ፣ የባለቤትነቱም ነገር አጠያያቂ የሆነ ነው። በዲሴምበር 1974 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የታወቀውን ተዋናይ የሮዲ ማክዶዋልን ቤት ፈትሾ 160 ፕሪንቶችና ከ1000 በላይ ካሴቶች መውሰዱ ሰብሳቢዎችን ለብዙ ጊዜ አስፈርቷቸው ነበር።

እንዲህ ያሉ ፕሪንቶችን ያገኙ በጎ ፈቃደኞች በ2016 አንድ ቅጂ አወጡ፤ ሌሎች ደግሞ በ2018 «ፎር ኬ ሰቨንቲ ሰቨን» የተባለውን አስከተሉ። የኋለኛው 97 በመቶ የሚሆነው ከአንድ የ1977 የቴክኒከለር ፕሪንት በ4ኬ ስካነር የተነሣ መሆኑን ሠሪዎቹ ገልጸዋል። የሥራውን ስፋት ለመገመት ያህል፣ 121 ደቂቃ በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲሰላ 174,240 ሥዕል፣ በርዝመትም ከ3,300 ሜትር በላይ ፊልም ነው። እያንዳንዱ ሥዕል በሙያው በተለመደው የ10 ቢት ፋይል ሙሉ ፍሬሙ በ4ኬ ቢነሣ ወደ 51 ሜጋባይት ስለሚሆን ጠቅላላው ወደ 9 ቴራባይት ይጠጋል። ጭረቱንና አቧራውን ማጥራት ደግሞ ለመሣሪያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ መሣሪያው ኮከብን ከአቧራ አይለይምና፣ የጠፈር ጦርነት በሚታይበት ፊልም ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይሆንም።

ይህ ሥራ ግን ሁሉን ፈታ ማለት አይደለም። ፕሪንት ከኔጋቲቭ በቀጥታ አይወለድም፤ በመካከል ሌሎች ትውልዶች ስላሉ በየደረጃው ጥቂት ዝርዝር ይጠፋል። ስካነሩ 4ኬ ስለሆነ በፕሪንቱ ላይ የሌለ ዝርዝር አይፈጠርም። ፕሪንት የሚታተመውም ለፕሮጀክተር ኃይለኛ መብራት ታስቦ ስለሆነ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሥዕል ማውጣት ስካነሩን ይፈትናል። የቀለሙም ነገር ቢሆን በፕሪንቱ ላይ ያለውና በ1977 በስክሪን ላይ የታየው በመብራቱ ዓይነት ይለያያል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሠሪው ዓይን ነው። በፊልሙ ላይ ያለውን ቅንጣት ቀንሶ የማለስለስ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ ሠሪዎቹ ሁለቱንም አወጡ፤ ቅንጣቱ የተቀነሰለትም፣ እንዳለ የተተወውም አለ። ይህ የተመልካቹን ምርጫ ማክበር ተብሎ ሊመሰገን ይችላል። በሌላ በኩል ግን ሉካስ የተወቀሰበት ነገር፣ ማለትም ያለፈውን በዛሬ ዓይን ማሳመር፣ በአፍቃሪዎቹም እጅ በትንሹ ይገኛል። ልዩነቱ እነርሱ ያልተነካውን አብረው አለማጥፋታቸው ነው። ይህ ልዩነት በምሕንድስና ቋንቋ ትልቅ ነው፤ የሚመለስ ለውጥና የማይመለስ ለውጥ አንድ አይደሉም።

በሕግ በኩል የተደበቀ ነገር የለም። የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ማባዛት የተከለከለ ነው፤ የብሉ ሬይን ቁልፍ መስበርም በአሜሪካ ከ1998 ወዲህ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አፍቃሪዎቹ ቅጂውን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሕጋዊውን ዲስክ እንዲገዛ ያሳስባሉ፣ እነርሱም አይሸጡትም። ይህ በፍርድ ቤት የሚያድን መከላከያ አይደለም፤ የሕሊናን ክብደት የሚያሳይ ምልክት ግን ነው። ደግሞም የእነርሱ ጥቂት ሥራ ለሌላው ሌባ ሁሉ መሸፈኛ መሆን የለበትም። በየገበያው የሚሸጠው ሕገ ወጥ ቅጂ አብዛኛው ምንም ነገር ያላዳነ፣ የሠራተኛውን ዋጋ ብቻ የወሰደ ነው።

ይሁንና ከዚህ በፊትም የሆነ ነገር አለ። «ኖስፌራቱ» የተባለው የ1922 የጀርመን ፊልም ከ«ድራኩላ» ደራሲ ወራሽ ሳይፈቀድ በመሠራቱ በ1925 ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ በፍርድ ቤት ታዞ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው ከትእዛዙ ካመለጡ ቅጂዎች የተነሣ ነው። የእንግሊዝ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቴፕ ለመቆጠብ ሲል ካጠፋቸው የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች መካከል ሥዕላቸው የጠፋው ሁሉ ድምፃቸው ተርፏል፤ ያተረፉትም በየቤታቸው በቴፕ ሪኮርደር የቀዱ ተመልካቾች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ፈቃድ አልነበረውም።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የጠፋን ወይም የተበላሸን ቅጂ ለመተካት ሲሉ በተወሰነ ሁኔታ እንዲያባዙ በር ከፍቷል። በሩ የተከፈተው ግን ለተቋም ነው። ካሴት በሣጥን ያቆየ ግለሰብ፣ እርሱንም ወደ ዲጂታል የሚገለብጥለት ባለሙያ በዚህ በር አይገቡም። ማግኔቱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ በየዓመቱ ይላላል፤ ተቋሙ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ጁን 12 ቀን 2025 የእንግሊዝ የፊልም ተቋም በለንደን ባዘጋጀው ፌስቲቫል ላይ በቀዝቃዛ መጋዘኑ ካኖራቸው ፕሪንቶች አንዱን አውጥቶ፣ የ1977ን «ስታር ዋርስ» ለተመልካች አሳየ። ፕሪንቱ ከለንደኑ ማተሚያ የወጣ ቴክኒከለር ነው። በዚያ ማታ የታየው፣ ያለ ፈቃድ የሠሩት ሰዎች ለዓመታት ሲፈልጉት የነበረው ያው የሕትመት ዓይነት፣ ያው ቀለም ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ካትሊን ኬኔዲም በአዳራሹ ተገኝተው ፊልሙን ለተመልካቹ አስተዋወቁ። እንዲህ ያለ ፕሪንት በፕሮጀክተር ባለፈ ቁጥር ጥቂት ስለሚጫጫር፣ ማታውን የታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።